የቱን መዳን?

ለመሆኑ አባቱን በማይክሮፎን የሚከስ ልጅ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ተከሳሹ በሌለበት፣ ጠበቃ ባልቆመበት ችሎት፣ ከሳሹ ክራባቱን አሳምሮ፣ ድምፁን አለስልሶ፣ መሃል ላይ እንባውን በመሐረብ ጠርጎ ሲያበቃ፣ አዳራሽ ሙሉ ሰው በአንድ አፍ «አሜን!» ብሎ ፍርዱን ሲያጸድቅለት? አላየንም የምትሉ ዕድለኞች ናችሁ። የማተሚያ ቤቷ ፊደል ለቃሚ ግን ከእሁድ ጀምሮ ሌላ ነገር አላየችም። ከሳሹ ታናሽ ወንድሟ፣ ተከሳሹ የሁለቱም አባት፣ ችሎቱ ደግሞ በየሰው ኪስ ውስጥ የሚዞር የስብከት ቪዲዮ ነው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ የሚባለው ድሮ ነበር። ዛሬ ከአፍ የወጣ ነገር አፋፍ ላይ እንኳ አያርፍም፤ ጎረቤት ቤት ይገባል፣ ታክሲ ይሳፈራል፣ ፀጉር ቤት ወረፋ ይይዛል።

ማክሰኞ ጠዋት ሻይና መድኃኒት ይዛ ወደ አባቷ ክፍል ስትገባ ያው ድምፅ ቀድሟት ገብቷል። ክፍሉ ጠባብ ነው፤ አልጋ፣ የልብስ ሳጥን፣ ሐኪም ያዘዘው ባለ አራት እግር መደገፊያ፣ በቃ። መስኮቱ ከጎረቤት ግድግዳ ጋር ፊት ለፊት ስለተፋጠጠ ብርሃን እንደማያውቁት ቤት እንግዳ እያፈረ ነው የሚገባው። ሽማግሌው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው፣ ስልኩን ትራሱ ላይ አስደግፈው፣ በደህናው እጃቸው አንዱን ቦታ እየመለሱ ያጫውቱታል። «… ግራ እጁን ማንሳት አቅቶታል። ኃጢአት ሂሳቡን ሳይቀበል አይሄድም፣ ወገኖቼ! አባቴ ቢያምን ኖሮ ይሄኔ ድኖ ነበር።» ከዚያ አሜን። ከዚያ የሽማግሌው አውራ ጣት ወደ ኋላ ትገፋዋለች። «ይሄኔ ድኖ ነበር።» አሜን።

እኚህ ሰው ዕድሜያቸውን ሙሉ የከተማ አውቶቡስ የነዱ ናቸው። ፈጣሪን አይክዱም፤ «መኖሩንስ አለ፣ የመስመር ቁጥሩን ነው ያላወቅሁት» ይላሉ። ልጆቻቸው ተራ በተራ ሲያምኑ አልከለከሉም፣ አልተከተሉምም። ስትሮኩ ግራ ጎናቸውን ከያዘው ወዲህ እንኳ ቀልዳቸው አልተያዘም ነበር። ፊዚዮቴራፒ የምታሠራቸውን ልጅ «ልጄ፣ የተበላሸው መሪው ነው እንጂ ሞተሩ ደህና ነው» እያሉ ያስቋታል። የጎማ ኳስ ይጨብጣሉ፤ ግድግዳ ይዘው ኮሪደሩን ይመላለሳሉ። ባለፈው ሳምንት በግራ እጃቸው ኩባያ አንስተው፣ ግማሹን ደረታቸው ላይ ደፍተው ግማሹን ጠጥተው፣ እንደ ሕፃን ፈንድቀው ነበር። ከእሁድ በኋላ ግን ኳሱ አልጋ ሥር ገብቶ ቀርቷል።

«አባባ፣ ዛሬስ ኳሱን ላውጣልዎት?»

«ተዪው።»

«ልጅቷ እኮ አንድ ቀን ባቋረጡ ቁጥር ወደ ኋላ ነው ብላለች።»

«ፍርድ ከሆነ፣ ፍርደኛ ስፖርት ሠርቶ አያመልጥም» አሉ። ቀልድ ይመስላል፤ ፊታቸው ላይ ግን ቀልድ አልነበረም። መድኃኒቱን ዋጡ፤ ሻዩን አልነኩትም። ትንሽ ቆይተው፣ እሷን ሳይሆን ግድግዳውን እያዩ፣ «አንቺም የእነሱ ወገን ነሽ። እውነቱን ንገሪኝ። ሃይማኖታችሁ እንደሱ ነው የሚለው? ይቺን እጄን የያዛት ኃጢአቴ ነው?» ብለው ጠየቁ።

«አይደለም፣ አባባ። በፍጹም።»

«አንቺ ስለምትወጂኝ ነው።»

«እንደሱ ብለን አናምንም ነው የምልዎት!»

«እሱም ይወደኛል። እሱም ልጄ ነው» አሉ። ስልኩን በጣታቸው መታ መታ አደረጉት። «ሁለት ልጅ አንድ እምነት ይዛችሁ ሁለት ነገር ትነግሩኛላችሁ። ማንን ልመን? እሱ በሺህ ሰው ፊት ነው የተናገረው። አንቺ በሻይ ብርጭቆ ፊት።»

ትከሻቸውን ሳመችና ወጣች።

የምትሠራበት ማተሚያ ቤት ከመንገዱ በሦስት ደረጃ ወረድ ብሎ ያለ ረጅም ክፍል ነው። ፊደል በእጅ የሚለቀምበት ዘመን ካለፈ ስንት ጊዜው፤ እሷ የምትሠራው በኮምፒውተር ነው፤ ስሙ ግን «ለቃሚዋ» ሆኖ ቀርቷል። ከጀርባዋ ባነር የሚያትመው ትልቁ ማሽን ቀኑን ሙሉ ያጉተመትማል። እሱን የሚያሠራው ማሽኒስት ራሰ በራ፣ ክርክር የማይጠግብ ሰው ነው፤ በየትኛው ሃይማኖት እንደማያምን ሲጠየቅ «በሁሉም እኩል» ይላል። በወዲያኛው ጫፍ ወረቀት የምትቆርጠው ሴት አለች። እሷ ደግሞ «እኔ የማምነው ልጄ ሲታመም ነው፤ ሲሻለው እረሳዋለሁ» ብላ በግልጽ የምትናገር ናት። ሁለቱም ቪዲዮውን አይተውታል። ሁለቱም እንዳላዩ ሆነዋል። ደግነታቸው ነበር፤ እሷን ግን ከስድብ ይበልጥ አሳመማት።

የቀኑ የመጀመሪያ ሥራ፣ የአጋጣሚ ነገር ሆኖ፣ የወንድሟ ሆኖ ተገኘ። ማታ በአዳራሹ ለማያምኑና ጥያቄ ላላቸው ሰዎች ልዩ ጉባኤ አለ፤ ባነር ይፈልጋሉ። ጽሑፉን ራሱ ነው በስልክ የላከው። ገልብጣ ስታበቃ ማሽኒስቱ ከትከሻዋ በላይ ሆኖ ጮክ ብሎ አነበበው። «ታላቅ የድህነት ጉባኤ! ጠያቂዎች ሁሉ ተጋብዛችኋል! መግቢያ በነጻ!»

ቆራጯ መቁረጧን አቆመች። «የምን ጉባኤ?»

«የድህነት። ይኸው በሃሌታው ሀ።»

«በነጻ? እኔማ ከነጎረቤቶቼ ነው የምመጣው! እኛ እኮ የክብር እንግዶች ነን!»

«ድህነት ምን ጉባኤ ያስፈልገዋል፣ እቴ? ቤት ለቤት ነው የሚታደለው» አለ ማሽኒስቱ፤ ሁለቱም እስኪያለቅሱ ሳቁ። ለቃሚዋም ሳቀች። ከእሁድ ወዲህ የመጀመሪያዋ ነበር። ከዚያ ወንድሟ ጋ ደወለች።

«ወንድምዓለም፣ መዳን ለማለት ከሆነ ‹ድኅነት› የሚጻፈው በብዙኃኑ ኅ ነው። እንዲህ ሆኖ ከታተመ ችግርና ማጣት ነው የሚሆነው። ላስተካክለው?»

«እታለም፣ ሲነበብ ያው አይደለም እንዴ? ሕዝቡ ይገባዋል። እንደመሰለሽ አድርጊው፤ ብቻ ከአሥራ አንድ ሰዓት በፊት ይድረስልኝ።» ስለ አባባ ልታነሳ አፏን ስትከፍት ስልኩ ተዘግቷል። ሲነበብ ያው ነው! በዚህ ዓለም ስንት ቤት የፈረሰው ሲነበብ ያው ነው በሚሉ ሰዎች እንደሆነ ማን በነገራቸው። አንዷን ፊደል ቀየረችና ወደ ማሽኑ ላከችው።

ማሽኒስቱ የባነሩን ሸራ ጥቅል እያስገባ፣ «ለቃሚዋ፣ ንቀት እንዳይመስልሽና አንድ የማይገባኝ ነገር አለ» አለ። «ትናንት የተወለደ ሕፃን ኃጢአተኛ ነው ትላላችሁ። ምን አደረገ? ጡት ነከሰ?»

«የኔው ነክሷል። ኃጢአተኛ ነው» አለች ቆራጯ።

ለቃሚዋ ወንበሯን አዙራ ማሽኑን ታይ ጀመር። «ይሄ ጥቅል ሲገባ የፀጉር ያህል ቢጣመም ምን ይሆናል?»

«መጀመሪያ አይታወቅም። እየሄደ እየሄደ ግን ክንድ ሙሉ ይስታል። ከዚያ ይታጠፍና ማሽኑ ይነክሰዋል።»

«ጫፉ ላይ ያለው ሸራ ምን አጠፋ?»

«ምንም።»

«ግን ጠማማ ነው።»

ማሽኒስቱ ዓይኑን አጥብቦ አያት። እሷም ቀጠለች፤ ስትናገር ለእሱ ይሁን ለግድግዳ ፊታቸውን ላዞሩት ሽማግሌ ራሷም አልለየችውም። ሰው ኃጢአትን እንደ ትራፊክ ቅጣት ነው የሚያየው አለች፤ ለዋሸ ይሄን ያህል፣ ለሰረቀ ይሄን ያህል። እኛ የምንለው ከዚያ በፊት ስላለው ነገር ነው። «ኃጢአት» የሚለው ቃል ራሱ «አጣ» ከሚለው ጋር የአንድ እናት ልጅ ነው። ክፉ መሥራት ከመሆኑ በፊት ማጣት ነው፣ መሳት ነው። ወደ አምላክ መሄድ ነበረብን፣ እሱን ስተን ወደ ራሳችን ታጠፍን፤ ክፋቱ ከዚያ የሚወጣ ነው።

«በማጣትማ ከሆነ የኔ ኃጢአት ከራስ ፀጉሬ ይበዛል» አለ ማሽኒስቱ መላጣውን እየዳሰሰ። ቆራጯ ሳቀች። እሱ ግን ነገሩን አልተወውም። «እሺ፣ ጠማማ ሆንን። ከዚያስ?»

«ጥቅሉ ራሱን ያቃናል?»

«በሕልሙ።»

«ብትቆጣው?»

«እየተቆጣሁት ነው የኖርኩት! ማሽኑን አቁሞ እጅ ማስገባት ነው እንጂ።»

«ማሽኑ የማይቆም ቢሆንስ?»

ማሽኒስቱ ቀኝ እጁን ከፍ አድርጎ ጥፍር የሌላትን ጣት አሳያት። «ሳይቆም አስገብቼ ነው ይቺ።»

«እኛ የምናምነው እሱን ነው» አለች። «ሳይቆም እጁን ያስገባ አለ። እጁን ብቻም አይደለም። ያቃናንም፣ የተነከሰውም እሱ ነው። እኛ ያደረግነው ነገር የለም፤ እንደ ሸራው መያዝ ብቻ።»

ከዚያ ማሽኒስቱ፣ «ምሳሌሽ ያምራል። ግን ጥቅሉን አጣሞ ያስገባው ማነው? ባለ ማሽኑ አይደለም?» አለ።

«አይደለም ነው የምንለው። ነጻ አድርጎ ሠራን፣ ያጣመምነው እኛ ነን። እንዳንተ ብሎን በብሎን ፈትቼ ላሳይህ ግን አልችልም።»

«ይሄ መልስ አይደለም።»

«አይደለም። የማምነውን ጠየቅኸኝ፣ የማምነውን ነገርኩህ።»

«በዚህስ አከብርሻለሁ» አለና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ታዲያ ሁላችንም አንድ ጠማማ ጥቅል ላይ ካለን፣ ማሽኑ አባትሽን መርጦ የነከሳቸው በምን ሂሳብ ነው? ወንድምሽ ሁለት እጁን እያወዛወዘ የሚሰብከው ጠማማነቱ አልቆለት ነው?»

«አንተ ሰውዬ!» አለች ቆራጯ።

«ተዪው፣ እውነቱን ነው። ወንድሜ ተሳስቷል» አለች ለቃሚዋ።

«ለኔ ነው የምትነግሪው?» አለ ማሽኒስቱ።

ባነሩ ወጥቶ ቀለሙ ሲደርቅ፣ ዳር ዳሩ ላይ የገመድ ማሰሪያ ቀለበቶች ሲገቡ፣ ለቃሚዋ ምሳዋን ሳትበላ ዋለች። ስምንት ሰዓት ገደማ ቤት ደውላ አባቷን ቀስ ብላ ለመነቻቸው። ዛሬ ማታ ጉባኤው በስልክ በቀጥታ ይተላለፋል፤ አንድ ጊዜ ብቻ ይክፈቱት። «ልጄ፣ አንዴ ተፈርዶብኛል፤ ይግባኙን መስማት ደግሞ ምን ይጠቅመኛል?» አሉ። «ስለ እኔ ብለው» አለች። «ስላንቺ ከሆነ እሺ» አሏት።

አዳራሹ ድሮ የእህል መጋዘን የነበረ፣ ጣሪያው ከፍ ያለ፣ አንድ ሰው ሲያስነጥስ ሁለት ጊዜ የሚሰማበት ነው። የፕላስቲክ ወንበሮች ተደርድረዋል፤ መሃል ላይ ካሜራ በሦስት እግሩ ቆሟል። ማሽኒስቱ ባነሩን ተሸክሞላት መጥቶ፣ መሰላል ላይ ወጥቶ ከሰቀለው በኋላ «መግቢያ በነጻ ተብሏል» ብሎ የኋላ ወንበር ላይ ተቀመጠ። ለቃሚዋ ወንድሟን ከመድረኩ ጀርባ ባለችው ትንሽ ክፍል አገኘችው፤ የውሃ ጠርሙስ ይዞ፣ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ወዲህ ወዲያ ይላል። ሲያያት ፊቱ በራ። ክፉ ልጅ አልነበረም፤ ይህን መካድ ግፍ ይሆናል። አባታቸው ሆስፒታል በተኙ ጊዜ ወንበር ላይ እያደረ ያስታመማቸው እሱ ነው።

«አባባ ኳሱን ትተዋል» አለችው። «መራመዱንም። ፍርደኛ ነኝ ብለዋል።»

የያዘውን ጠርሙስ አስቀመጠ። «እኔ የተናገርኩት ስለ ነፍሱ ነው፣ እታለም። ስለ ሕመሙ መች አወራሁ?»

«‹ግራ እጁን ማንሳት አቅቶታል› ብለህ አይደል የጀመርከው?»

«ምሳሌ ነው እኮ።»

«አባባን?»

ድምፁ ተሰበረ፤ የስብከቱ ዓይነት አሰባበር አልነበረም። «እንዲሁ እንደሆነ ቢሞትስ? አንቺ አያስፈራሽም? እኔ እንቅልፍ የለኝም።»

«ያስፈራኛል። ስለ ነፍሳቸው ከሆነ የምትፈራው፣ እንደሱ በል። ‹ይሄኔ ድኖ ነበር› ስትል ያ ሁሉ ሰው የሰማው ከአልጋ መነሳትን ነው። በቋንቋችን ከትኩሳት የተነሳውም ዳነ፣ ከኃጢአት የወጣውም ዳነ ነው። አንተ ደግሞ ታውቀዋለህ።»

«በዚያች ዓረፍተ ነገር ስንት ሰው እያለቀሰ ወደ መድረኩ እንደመጣ ብታዪ …»

«ስትሮክን ፈርተው ነው የመጡት። ለእሱማ የግፊት መድኃኒት አለ። ዛሬ አስተካክለው።»

«በእንግዶች ፊት? እታለም፣ እሁድ የተናገርኩትን ማክሰኞ ካፈረስኩ ማን ይሰማኛል? ማታ ቤት እመጣለሁ፤ እግሩ ላይ ወድቄ ይቅርታ እጠይቀዋለሁ። በኔና በሱ መሃል።»

«ቁስሉ አደባባይ፣ ፋሻው ጓዳ?» አለችው። ሰዓት ደርሷል ብለው ጠሩት፤ ክራባቱን አስተካክሎ ወጣ።

ደግሞም ጥሩ ተናገረ። ማድነቅ ካለባት ታደንቀዋለች። ሰው ወደ ሐኪም የሚሄደው ጤነኛ ሆኖ እንዳልሆነ ሁሉ ወደ እግዚአብሔርም የሚመጣው ጥሩ ሆኖ አይደለም አለ። መዳን ደመወዝ ሳይሆን ስጦታ ነው፤ የሠራ የሚያገኘው ቢሆን ኖሮ ኩራተኛ ብቻ ይወርሰው ነበር አለ። ከኋላ ማሽኒስቱ እጁን አውጥቶ፣ «የማያምን ደግ ሰው አውቃለሁ፤ የሚያምን ክፉም አውቃለሁ። ማንኛቸው ይድናሉ?» ብሎ ሲጠይቅ፣ ወንድሟ አልተቆጣም፤ ፈገግ አለ። «ወንድሜ፣ ክፉው አማኝ እኔ ልሆን እችላለሁ» አለ፤ አዳራሹ ሳቀ። «የሰውን ልብ መመዘን የኔ ሥራ አይደለም። እኔ የማውቀው በደግነቱ የሚተማመንም በክፋቱ ተስፋ የሚቆርጥም ያንኑ እጅ እንደሚፈልግ ነው።» ማሽኒስቱ ራሱን ነቀነቀ፤ መቀበል አልነበረም፣ ማክበር ነበር። ለቃሚዋም አሁን ያስተካክለዋል ብላ ጠበቀች። መንገዱ ተከፍቶለታል፤ አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው የቀረው።

«ይህን እጅ እምቢ ማለት ምን እንደሚያስከትል» አለ ወንድሟ፣ መሐረቡን እያወጣ፣ «እሁድ ስለ አባቴ ነግሬያችኋለሁ …»

አዳራሹ «ውይ» አለ፣ ሐዘኔታ ነበር። ለቃሚዋ ቆማ ነበር፤ መቼ እንደተነሳች አላወቀችውም። «ጥያቄ አለኝ» አለች። ለጠያቂዎች የተዘጋጀውን ማይክሮፎን አመጡላት።

«እህቴ ናት» አለ ወንድሟ፤ ፈገግታው ግን ግማሽ መንገድ ላይ ቀረ። «እታለም፣ እኛማ ቤት እንነጋገራለን።»

«የተናገርከው ቤት አይደለም» አለች። ድምፅዋ አልጮኸም፤ ጣሪያው ግን ደገመው። «እኔም አማኝ ነኝ። ኃጢአት በሁላችንም አለ ነው የምናምነው። በአባባ ግራ እጅ አለ፣ ማይክሮፎን በያዘው ባንተ ቀኝ እጅም አለ። ሕመም የኃጢአት ሚዛን ከሆነ፣ አንተ ጤነኛ ሆነህ የቆምከው ከአባባ ተሽለህ ነው? እንደዚያማ ከሆነ የዳንከው በጸጋ አይደለም፤ በደም ግፊትህ ነው።»

ከኋላ አንድ ሰው ሳቅ አመለጠውና ታፈነ። ካሜራው ወደ እሷ ዞረ። እሷም ወደ ካሜራው ሳይሆን ወንድሟን ዓይን ዓይኑን እያየች ቀጠለች።

«‹ይሄኔ ድኖ ነበር› ብለሃል። የቱን መዳን ነው? ከስትሮኩ ወይስ ከኃጢአቱ? አባባ አሁን በስልካቸው እየሰሙህ ነው፤ እኔን አያምኑኝም፣ አንተን ነው የሚጠብቁት። ሕመማቸው ቅጣት አይደለም ካልክ፣ አይደለም በል። ነው ካልክም እዚሁ ነው በልና፣ እነዚህ ሰዎች ቤታቸው የተኙትን እናቶቻቸውንና ልጆቻቸውን ዛሬ ማታ በምን ዓይን እንደሚያዩአቸው ንገራቸው። በሰው ፊት ከሰሃቸዋል፣ ወንድምዓለም። በሰው ፊት መልስ።»